ክፍል ሁለትን የማበላሸት መንገድ

የመጀመሪያው ፊልምዎ ገበያ ቀንቶታል፤ ክፍል ሁለቱን ደግሞ ማበላሸት ፈልገዋል እንበል። እንግዲያው ሰው ፊልሙን ለምን እንደወደደው በጭራሽ አይጠይቁ። ያየውን ዕቃ ብቻ ይያዙና አግዝፈው ያምጡለት።

በ1994 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣው «ስፒድ» ውስጥ የሎስ አንጀለስ የከተማ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ተጠምዷል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከወረደ ይፈነዳል። ከተማ ውስጥ ደግሞ መብራት አለ፣ መጨናነቅ አለ፣ የሕፃን ጋሪ እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት አለች። ሁልጊዜ የሚያድነን ፍሬን እዚያ ገዳይ ሆነ፤ ልባችንን አንጠልጥሎ የያዘው ይህ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ዳይሬክተር ያን ደ ቦንት አውቶቡሱን በመዝናኛ መርከብ ቀየረው። ባሕር ላይ መብራት የለም፤ መርከብ ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሲያዩት ያዘግማል። የመጀመሪያው ፊልም መሪ ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስ አልሠራም ብሎ ቀረ፣ ጄሰን ፓትሪክ ተተካ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ።

ቀጥሎ፣ ተመልካቹ በፊተኛው ፊልም የተጨነቀለትን ሰው በአዲሱ መክፈቻ ላይ ይግደሉበት። በ1986 ጄምስ ካሜሮን በ«ኤሊየንስ» ዋና ባለታሪኳን ሪፕሊን ኒውት የምትባል ወላጆቿ ያለቁባት ልጅ እንድታድን ብቻዋን ወደ ጭራቆቹ ጎሬ መልሷት ነበር። ሁለት መሣሪያ በፕላስተር አንድ ላይ ጠፍራ በአሳንሰር ስትወርድ ያየ ሰው፣ ያቺን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ይዟት ነው የወጣው። በ1992 «ኤሊየን 3» መጣና ታሪኩ ገና ሳይጀመር ኒውት ሞታ ተገኘች። እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ ነገር ነው። ልጅ በፊልም መሞቱ አይደለም የከነከነኝ፤ ሪፕሊ ያን ሁሉ የወረደችው ለምን ነበር ብለን ስንጠይቅ መልስ የሚሰጠን መጥፋቱ ነው።

ከሁሉ በላይ «ተርሚኔተር 2» የተሠራበትን መንገድ ይሽሹ። በ1984ቱ የመጀመሪያ ፊልም ባለታሪኳ ሳራ ኮነር አስተናጋጅ ነበረች። በ1991 ስናገኛት የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶባት፣ በተገለበጠ አልጋ ብረት ላይ እየተንጠለጠለች ክንዷን ታጠነክራለች። ያለፈው ታሪክ ሰውነቷ ላይ ይነበባል፤ ስለሚመጣው ጥፋት ተናግራ ያመናት የለም። ልታመልጥ ስትሮጥ አሳንሰሩ ይከፈትና አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ይወጣል። እግሯ ይከዳታል፣ ወለሉ ላይ ትወድቃለች፣ እየጮኸች ወደ ኋላ ትንፏቀቃለች። አክተሩ አሁን እሱ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። ለእሷ ያኔ ሊገድላት ያሳደዳት ያው ፊት ነው። የመጀመሪያውን ያላየ ሰው ይህን ጩኸት በግማሹ ብቻ ይሰማዋል። አንድ ፊልም ብቻውን እንዲህ ያለ ትዕይንት ሊሠራ አይችልም፤ ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ትዝታ ያስፈልገዋል። ክፍል ሁለት የሚባል ነገር መኖር ያለበት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳይሬክተሩ ኮፖላም በ1974 በ«ጎድፋዘር» ክፍል ሁለት የአባትየውን አነሣስ ከልጁ ውድቀት ጎን ለጎን ሲያስኬድ በዚሁ ትዝታ ላይ ነበር የሠራው። ፊልሙ 6 ኦስካር ወሰደ፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመ የመጀመሪያው ተከታይም ሆነ።

በመጨረሻ፣ ድርሰቱ ሳያልቅ ፊልሙ የሚታይበትን ቀን ይቁረጡ። አራተኛው የ«ጆውስ» ፊልም ቀረጻው በፌብሩዋሪ 1987 ተጀምሮ በጁላይ ሲኒማ ገባ። በታሪኩ ሻርክ በአንድ ቤተሰብ ቂም ይዞ ከአሜሪካ እስከ ባሃማስ ይከተላቸዋል። ፍጻሜው ተመልካች ስላልጣመው ለውጭ ሀገር ሲኒማዎች እንደገና ተቀረጸ፤ በመርከብ አፍንጫ ተወግቶ ይሞት የነበረው ሻርክ በአዲሱ ፍጻሜ ፈንድቶ ሞተ።