የታየው ጊንጥና የተወራው ጊንጥ፦ አረካ ላይ ያተኮረ መጠነኛ ጥናት

የበረሃ ጊንጥን አረካ ላይ ለማጥናት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት አረካ በረሃ አለመሆኗ ነው። ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ እንሰት በየጓሮው የሚታይባት፣ የግብርና ምርምር ማዕከሏም በእንሰት የሚታወቅ ናት። ይሁን እንጂ ሌሊት ከአልጋው ዘሎ «ጊንጥ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ዝርያውን አጣርቶ ስለማይጮህ፣ ጥናቱም ይህን እንቅፋት እንዳላየ ሆኖ አልፎታል።

ሁለት ዝርያዎች ተለይተዋል። አንደኛው የታየው ጊንጥ ነው። ስምንት እግር፣ ሁለት መቆንጠጫና ጫፉ መርዝ የቋጠረ ጅራት አለው። ቀን ድንጋይ ሥር ውሎ ሲመሽ ነፍሳት ያድናል፤ ምግብ ቢያጣ ለወራት ይታገሣል። እናቲቱ ልጆቿን የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ አዝላ ትዞራለች። ጫማ ውስጥ ከተገኘ ማን ማንን እንደደፈረ ሳይጣራ በዚያው ጫማ ይገደላል።

ሁለተኛው የተወራው ጊንጥ ነው። እድገቱ ፈጣን ነው፤ ማታ ጣት ያክል የነበረው ጠዋት ቡና ሲፈላ ክንድ ያክላል፣ ገበያ ሲደርስ ሰው ያሳድዳል። ምንጊዜም ጥቁር፣ መቆንጠጫውም ምንጊዜም ወፍራም ነው። የመስኩ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው የሚፈሩት ሌላውን ነው፦ መቆንጠጫው ቀጭን የሆነውንና መከላከያው ሁሉ ጅራቱ ላይ ያለውን። በመርዘኛነቱ ስሙ የገነነው የበረሃ ጊንጥ፣ ሌዩሩስ ኲንኬስትሪያቱስ፣ ቢጫና ቀጫጫ ነው፤ ለወሬ አይመችም። ተመራማሪዎቹ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ያወጡለት ስም ሲታተም ሄምፕሪክ ምጽዋ ላይ ከሞተ ዓመታት አልፈው ነበር። የገደለውም ጊንጥ ሳይሆን ንዳድ ነው። የተወራው ጊንጥ ይህን ማስረጃ እስካሁን አልተቀበለም።

ሕክምናን በተመለከተ፣ የተነደፈ ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ነጭ ሽንኩርት ያለውም፣ ነጭ ጋዝ ያለውም፣ ምላጭ ያለውም ጎረቤት ተራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሁለቱን ዝርያዎች የሚለይ መሣሪያ ግን አለ። የጊንጥ ቆዳ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የዚህ ዓይነቱ መብራት ሐሰተኛ ብር ለመለየት በየባንኩ ይገኛል። ስለዚህ ጊንጥ አየሁ ያለ ሁሉ ያየውን በብልቃጥ ይዞ ወደ ገንዘብ ከፋዩ መስኮት እንዲቀርብ ጥናቱ ሐሳብ ያቀርባል። ወረፋ ጠብቅ የሚለው ሰው እንደማይኖር ይገመታል።