ንጉሠ ፊኒክስና የዮቪል ኪራይ

ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. «መጽሐፍ» በተሰኙ ሦስት ምዕራፎች በታየው «አቫታር» በተባለው የካርቱን ተከታታይ ፊልም፣ የእሳት ጌታ ኦዛይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት ያህል ፊቱን ከነበልባልና ከጥላ ኋላ ሰውሮ ከኖረ በኋላ፣ ፍጻሜው ሲቃረብ የአባቶቹ ዙፋን ጠበበኝ ብሎ ራሱን ንጉሠ ፊኒክስ ሲሰይም፣ የቀድሞ ማዕረጉንም ለልጁ ለአዙላ እንደ አሮጌ ኩታ ሲጥልላት፣ በጅራታም ኮከብ ኃይልም የምድርን መንግሥት በእሳት ሊያጠፋ ሲነሣ፣ የዋህ ተመልካች «ወዮ ጭካኔ!» እያለ ይደነግጣል።

በጆሃንስበርግ በዮቪል ሰፈር፣ በሮኪ ጎዳና ግራና ቀኝ ለሚኖር ስደተኛ ግን ይህ ፊትን ሰውሮ የመግዛት ጥበብ እምብዛም ብርቅ አይሆንበትም፤ በከተማይቱ ባለቤቱ የተወውን ሕንፃ ያለ ሰነድ ወርሶ፣ መብራቱና ውኃው በተቋረጠ ማግስት ኪራይ የሚጨምረው መስፍንም ቢሆን፣ መልእክተኛ ይሰድዳል እንጂ ገጹን ለተከራይ መግለጥ ልማዱ አይደለምና።

ልዩነታቸው ጥቂት ነው፦ ኦዛይ እሳቱን ከገዛ እጁ ያመነጫል፣ ይኸኛው ግን የሻማውን ዋጋ እንኳ ለተከራዩ ይተዋል፤ ኦዛይን የተከታታዩ ጀግና የ12 ዓመቱ አንግ ሳይገድል ኃይሉን ነጥቆ ለወኅኒ አበቃው፣ በዮቪል ግን የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ዕለት ገና አልታወጀም፤ የኪራዩ ዕለት ብቻ በየወሩ መባቻ ሳይዛነፍ ይደርሳል።