ዘመድ ጠያቂው ባሕረኛ

የታደለ ቤተሰብ ማለት ከሜሪላንድ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ኮተቤ ሶፋ ላይ እንደተጋደመ የውቅያኖስ ጀልባ የሚሸምት ልጅ ያለው ነው። ሌላው ዳያስፖራ ክረምት በመጣ ቁጥር ኮንዶሚኒየምና መሬት እያሰሰ ዋጋ ይሰቅልብናል። የእኛው ጨዋ ነው፤ የሚፈልገው ዓለምን የሚዞርበት ባለ አርባ ጫማ፣ ባለሸራ ጀልባ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ የካ ክፍለ ከተማን የሚስተካከል ስፍራ ከየት ይገኛል?

አናፖሊስ የምትባለው የጀልባ ከተማ እሱ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቢበዛ አንድ ሰዓት ናት። እዚያ ሄዶ ጀልባውን በእጅ መዳበስ ግን የተራ ሰው ተግባር ነው። አዋቂ ገዢ ከጅቡቲ ወደብ በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በስልኩ ያማርጣል።

ቅዳሜ ቤተሰቡን አስከትሎ እንጦጦ ወጣ። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ዘመድ አዝማድ ተደርድሮ ፎቶ ሲነሣ፣ እሱ የሸራ ምሰሶ ፎቶ በጣቱ እየለጠጠ ያሰፋል። ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ደረሱበት፤ ቀና አላለም። ጎንበስ እንዳሉ ዞረውት አለፉ። በባሕር ሕግ ባለሞተር ለባለሸራ ቅድሚያ ይሰጣል፤ እንጦጦ ላይ ባለሸክም ለባለስልክ።

ደላሎቹ ቢሮ የሚከፍቱት በዚያ ማለዳ ሦስት ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ቡናው የሚፈላው፣ አክስት አጎት ከላምበረትና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ ተጋፍቶ የሚደርሰውም ያኔ ነው። እንግዳችን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በጣቱ «አንዴ» እያለ፣ ሦስቱንም ስኒ አቀዘቀዘው። «የጀልባው ሆድ ውሃ ሰርጎበት ፋይበሩ አብጧል» ብሎ በንዴት ጮኸ። እናቱ ደንግጠው ወደ ላይ ቀና አሉ። ኮርኒሱን ያየላቸው መስሏቸው ነበር። የሐምሌ ዝናብ ከቆርቆሮው ሾልኮ፣ ልክ ከራስጌው በላይ አንድ ክንድ ያህል አሳብጦታል።

ጀልባው የባሕርን ውሃ ከጨው አጣርቶ የሚያጠጣ መሣሪያ እንዳለውም አብራራልን። የቧንቧ ውሃ ፈረቃችን ሌሊት ስለሆነ፣ ሮቶውን ለመሙላት በነጠላ ተጠቅልለው የሚነሡት እናቱ ጆሯቸውን አቀኑ።

«እኛም ግቢ ቢገጠም አይሆንም፣ ልጄ?»

«እማዬ ደግሞ! ባሕር ያስፈልገዋል እኮ።»

እሱን ብቻ ነጥሎ ማማት ግን ግፍ ይሆናል። አገሩም ቢሆን የባሕር አመል አለበት። ቀድሞ የተበተነው የባሕር ኃይል ዳግም እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. ሲነገረን ባሕር አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። የንግድ መርከቦቻችን በየውቅያኖሱ የሚዞሩት ጀርባቸው ላይ «አዲስ አበባ» የሚል የመዝገብ ወደብ ተጽፎባቸው ነው፤ ጅግጅጋና አሶሳ የሚባሉ አሉ። ልዩነቱ እነሱ የሚጭኑት የሰው ዕቃ መሆኑ ነው።

ደግሞስ ማን ደፍሮ ይናገረዋል? በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዶላር ያዥ እንግዳ ፊት የሚኮሳተር ዘመድ አላየሁም። አጎት፣ ሐይቅ የሚያውቁት ባሕር ዳርን በአውቶቡስ ሲያልፉ፣ ስለ ሸራ አወጣጥ ምክር ለገሱ። እኔም «መልሕቁ ስንት ኪሎ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የትራንስፖርት እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር።

ጀልባ ከተገዛ በኋላ የማቆሚያ ኪራይ አለው፤ ኢንሹራንስ አለው፤ ከውሃ በታች ያለው አካሉ በየጊዜው ካልተፋቀና ካልተቀባ አልጌና ዛጎል ለበስ ተጣባቂ ፍጥረት ይወርሰዋል። እንግዳችን ይህን ሁሉ በወረቀት አስልቶ፣ የሚቀጥሉትን ዓመታት የአውሮፕላን ትኬት ሰረዘ። ለቤተሰቡ የቀረው መጽናኛ አንድ ነው፤ እሱንም በስንብቱ ምሽት ጉልበታቸውን ስሞ ለእናቱ አበሠረ።

«እማዬ፣ ጀልባዋን በስምሽ ነው የምሰይማት።»

እናቱ መረቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሜስ እዚያ ከሚንሳፈፍ፣ ኮርኒሱን ብታሠራው» አሉት።

ምስጋና የማያውቅ ሕዝብ ነን።