ውዳሴ ለባለ ባትሪው ተጋዳይ

ቀደምት አባቶች ሥጋቸውን በጾምና በስግደት እያደከሙ በየገዳሙና በየዋሻው የኖሩት፣ ድካሙን ለሌላ አስረክቦ አክሊሉን ለራስ የማስቀረት ጥበብ በዘመናቸው ስላልተገለጠ ይሆናል፤ ለእኛ ግን፣ ምስጋና ለሠለጠነው ዓለም ይሁንና፣ ተገልጦልናል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም የጠጠር መንገድ ውድድር ላይ፣ ሌላው ተወዳዳሪ በገዛ ጭኑና በገዛ ሳንባው ዳገቱን ሲታገል፣ በፔዳሎቹ መካከል ሞተር፣ በቱቦው ሆድ ባትሪ የተሸከመ የተራራ ቢስክሌት ይዞ የሚሰለፈው፣ ማታም «እኔም ጨረስሁ» ብሎ ሜዳልያውን ከአንገቱ የሚያጠልቀው ሰው የዚህ ጥበብ ባለቤት ነው። እንዲህ ያለውን ተጋዳይ ያለ ውዳሴ ማለፍ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ፣ አቅሜ በፈቀደ መጠን ላመሰግነው ተነሣሁ።

የምጽፈው ከጁባ፣ ከሃይ ማላካል ነው። ከዋናው አስፋልት ጥቂት ወጣ ያለው መንገድ ሁሉ በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ስለሆነ፣ ጠጠር ለመርገጥ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መኖሩን ለሰፈሬ ሰዎች ማስረዳት ቀላል አይደለም። በማለዳ በቢስክሌት ከሰል ጭኖ ከገጠር የሚገባውን ሰው ብታዩት፣ ከቁመቱ የሚበልጥ ጆንያ ከአሮጌ ጎማ በተቀደደ ጠፍር ከኋላው ጠፍሮ፣ ዳገት ሲሆን ወርዶ በትከሻው እየገፋ፣ ቁልቁለት ሲሆን ፍሬኑ ስለማይታመን በነጠላ ጫማው ጎማውን እየተጫነ ይመጣል፤ ርቀቱን የሚለካለት መሣሪያ፣ ሲደርስም የሚያጨበጭብለት ሕዝብ የለውም፤ የሚጠብቀው «ተወደደ» ብሎ የሚከራከር ገዢ ነው። በሞተር ቢስክሌት ሰው የሚያመላልሰው የቦዳ ቦዳው ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በቤንዚን ሞተር ላይ ሲውል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሳፋሪ ሲጠብቅም ሆነ አድርሶ ሲመለስ፣ «ዛሬ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በብርታቴ ፈጀሁ» ሲል የሰማው የለም፤ የሚሄደው ሞተሩ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ ተሳፋሪውም ያውቃል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ምስኪን፣ ሜዳልያ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረው አልተገኘም።

ተጋዳያችን ወደ ሰፈራችን መጥቶ ገድሉን ቢፈጽምማ ምስጢሩ ይበልጥ በከበረ ነበር። ጁባ በጄኔሬተር ድምፅ ያደገች ከተማ ናት፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያም በነዳጅ የሚሠራ ሲሆን፣ መስመሩ ያልደረሰው ሰው ዛሬም የራሱን ሞተር በጓሮው ያስነሣል። እንግዲህ እዚህ ባትሪውን የሚሞላ ሰው የጭኑን ብርታት የሚቀዳው ከናፍጣ በርሜል ነውና፣ ከቦዳ ቦዳው ልጅ የሚለየው፣ ልጁ ጢሱን ከኋላው አስከትሎ ሲሄድ እሱ ጢሱን ለጎረቤት ግቢ ትቶ መሄዱ ብቻ ነው።

ስለ ሒሳቡም ጥቂት እናንሣ። የአውሮጳ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ቢስክሌት 250 ዋት ይፈቅዳል፤ ጤናማ ሆኖ ያልሠለጠነ ሰው ለረጅም ሰዓት ሊሰጥ የሚችለው ኃይል 100 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ጌታው አንድ ሆኖ ተነሥቶ ሦስት ሰው ተኩል ሆኖ ይጓዛል ማለት ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን የአንዱ ስም ነው፤ የቀሩት ሁለት ተኩል ሰማዕታት ስማቸውን እግዚአብሔር ይወቀው። 750 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ትልቅ ባትሪ ደግሞ በዚህ ኃይል ሲነዳ በሦስት ሰዓት ያልቃልና፣ ተለዋጭ ባትሪ የሚያቀብል ረዳት በየጣቢያው መቆም አለበት፤ ረዳቱ ከዘገየ ያ 24 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከጌታው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ፣ እውነተኛው ተጋድሎም ያን ጊዜ ይጀመራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፣ ይህ ሁሉ ረድኤት ማንን ለማሸነፍ እንደ ተዘጋጀ ሲታሰብ ነው። በካንሳስ፣ በኢምፖሪያ ከተማ፣ አንባውንድ ግራቭል በተባለው ውድድር በ2016 ዓ.ም. አውስትራልያዊው ላክላን ሞርተን ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ጠጠር በ9 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጅቶታል፤ ይህም በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያው መደብ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ በአውሮጳም 25 ሲደርስ፣ ሞተሩ ማገዙን እንዲያቆም ሕግ ያዛል። ስለዚህ ፊተኞቹን ሞተሩም አይደርስባቸውም፤ የሚያልፈው ኋለኞቹን፣ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተለማመደ የመጣውን መምህርና ልጆቿን አስተኝታ የተዘጋጀችውን እናት ነው። ጀግናችን ዳገቱ ላይ አጠገባቸው ደርሶ፣ ሳያለከልክ፣ «አይዟችሁ፣ በርቱ!» ይላቸዋል።

ሕግ አውጪዎቹም ቢሆኑ ሞተርን ምን እንደሚያስኮንነው ለይተውታል። በ2008 ዓ.ም. ቤልጅግ ውስጥ፣ ዞልደር ላይ፣ በዓለም የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና በአንዲት የ19 ዓመት ወጣት ቢስክሌት ቱቦ ውስጥ የተሸሸገ ሞተር ተገኘና፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ስድስት ዓመት አገዳት፣ 20,000 የስዊስ ፍራንክም ቀጣት። ይኸው ኅብረት በ2011 ዓ.ም. በካናዳ ለኤሌክትሪክ የተራራ ቢስክሌት የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አድርጎ አሸናፊዎቹን የቀስተ ደመና ማልያ አለበሰ፤ በዚያ ውድድር ሁሉም ባለ ሞተር ስለሆነ ፍርዱ ቅን ነው። የእኛ ተጋዳይ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ መንገድ አግኝቷል፤ ሞተሩን እንዳይከሰስ በአደባባይ ይይዘዋል፣ እንዳይመዘን ደግሞ ሞተር ከሌላቸው ጋር ይሰለፋል።

ልቡ የታመመ፣ ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ በሞተር ቢታገዝ ምሕረት ነው፤ ሕመምተኛ ከጾም ቢፈታ ማን ይፈርድበታል? ጤነኛው ግን በሁዳዴ ዶሮ ወጡን በልቶ ከንፈሩን ሳይጠርግ በጿሚዎች መካከል ቆሞ ስለ ረኀብ ጸጋ ሲሰብክ ነው ነገሩ የሚያስቀው። በ1949 ዓ.ም. አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ እነ ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ድረስ ሄደው በቢስክሌት ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ብቻ ረገጡ፤ ምን ዓይነት የዋሆች ነበሩ!

የውድድር አዘጋጆች ሆይ፣ ለባለ ባትሪው የብቻውን መነሻ ሰዓትና የብቻውን መዝገብ ስጡት፤ ሜዳልያውንም ከፈለገ ለሞተሩ አጥልቁለት። እሱ ራሱም ተስፋ አይቁረጥ። በ1896 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ የማራቶን ሯጩ ፍሬድ ሎርዝ ደክሞት መኪና ላይ ወጥቶ 11 ማይል ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ መኪናው ሲበላሽ ወርዶ ወደ ስታዲየሙ ሮጦ ገባ፤ ሕዝቡም አሸናፊ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ነገሩ ሲታወቅበት «ቀልዴን ነው» አለ። ዕድሜ ልክ ታገደ፣ ኋላም ይቅርታ ተደረገለት፤ በሚቀጥለው ዓመት የቦስተን ማራቶንን በገዛ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ አንደኛ ወጣ።