ባለ ስንት ኪሎ?

በእኛ ሰፈር ነጻ ምክር የሚፈልግ ሰው ትልቅ መዶሻ ይዞ ደጁ ላይ ይቁም። ጉድጓድ ሲቆፍር ቢያዩት ዝም ብለው ያልፉታል፤ አጥር ሲቀባ ቢያዩት «በርታ» ብለውት ያልፋሉ። መዶሻውን ከትከሻው በላይ ያነሣ እንደሆነ ግን መንገደኛው ሁሉ ይገተራል። ዳቦ የተላከው ልጅ ብሩን እንደጨበጠ ይቀራል። ታክሲ እንዳያመልጠው የሚሮጠው ሰው እንኳ «እግርህን ከፈት አድርግ እንጂ!» ሳይል አያልፍም። ከመካሪዎቹ መካከል መዶሻ ጨብጦ የሚያውቀው ስንቱ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ወንድ ሁሉ የመዶሻ አያያዝን ከእናቱ ማኅፀን ተምሮ የወጣ ይመስለዋል።

ይህን ለዓመታት ስታዘብ ኖሬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሰው ከባድ መዶሻ የሚመርጠው ለሚመታው ድንጋይ ብሎ አይደለም፤ ለሚያየው ሰው ብሎ ነው።

ማስረጃዬ ግቢያችን ውስጥ የነበረው የአርማታ መደብ ነው። የቀድሞው ባለይዞታ ለምን እንዳሠራው የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ «ልብስ ማጠቢያ ነው» ትላለች። ጎረቤታችን ጡረተኛው መቶ አለቃ ደግሞ በደርግ ጊዜ የሬዲዮ አንቴና የቆመበት ነው ይላሉ፤ ይህን ሲናገሩ እስከ ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለምንም ይሠራ ለምን፣ መደቡ ወደ ጎረቤት አጥር አዘንብሏል፤ እኛ ደግሞ የውኃ ሮቶ የምናስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለንም። 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 10 ኩንታል ይመዝናል። ያንን በዘመመ መደብ ላይ መስቀል ጎረቤትን በግልጽ መጥላት ነው። ይፍረስ ተባለ።

በሰፈራችን መሰላል የሚያውስ ሰው አለ። ድሪል ያለው አለ፤ የመኪና ክሪክ ያለውም አለ። ከባድ መዶሻ ያለው ግን እድሩ ብቻ ነው፤ የድንኳን ካስማ የሚመታበት አንድ ባለ 5 ኪሎ መዶሻ። አስፋልት ዳር ያን ወፍራም ካስማ በድንጋይ ልምታው ቢሉት ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይውላል። ስለዚህ ወደ እድሩ ዳኛ ሄድኩ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ ገና ከበሩ ሳልገባ።

«ማንም አልሞተም፤ መዶሻዋን ለአንድ ቀን እንድትሰጡኝ ነው።»

«መዶሻ ለብቻዋ አትወጣም። በደንቡ ከድንኳኑ ጋር ነው የተመዘገበችው።»

«እንግዲያው ድንኳኑንም እወስዳለሁ።»

«ድንኳኑን ምን ታደርገዋለህ?»

«አጣጥፌ አስቀምጠዋለሁ።»

«ድንኳን ከዚህ ግምጃ ቤት ወጥቶ ማንም ሳይሞት ይመለሳል? ጡሩምባ ነፊው ያየ እንደሆነ ሰፈሩን ቀስቅሶ ነው የሚያድረው።» ከዚያ ትንሽ አዘኑልኝና መውጫ ቀዳዳ ፈለጉልኝ። «ለሠርግም ይከራያል፤ የምትድራት ልጅ የለችህም?»

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። አመስግኜ ወጣሁ።

የባለቤቴ ወንድም ወሬውን ሲሰማ «ይሄም ነገር ሆነና ነው? እንገዛለን!» አለ። ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። በዓመቱ ውስጥ የሚያነሣው ከባድ ነገር ቢኖር የሰኔ መዝጊያ ሒሳብ ነው። ተያይዘን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን።

ምናለሽ ተራን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያረጀ በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት ሠፈር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮና ብረት ስለሚቀጠቀጥ ሻጭና ገዢ ዋጋ የሚከራከሩት በጣታቸው ነው። መዶሻዎቹ መሬት ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረዋል። ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ የሚመዝኑት፣ እጀታቸው አጭር የሆነው፣ ግንበኛ በአንድ እጁ ይዞ ፑንታ የሚመታባቸው ናቸው። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ያሉት ዛቢያቸው ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በሁለት እጅ ይያዛሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው፣ ከሌሎቹ ራቅ ብለው፣ እንደ ባለሥልጣን ለብቻቸው ቆመዋል።

እኔ ባለ 4 ኪሎዋን አነሣሁ። ጭንቅላቷ ሳይወላገድ ገብቷል፤ የዛቢያው የእንጨት ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መዶሻ ሲገዛ ቀድሞ የሚታየው ይኼ ነው፤ ጅማቱ አግድም የሚሄድ ዛቢያ መዶሻው ከፍ ባለበት ሰዓት ይሰበርና ብረቱን የት እንደሚልከው አይታወቅም። ሽብልቁም ጠልቆ ተመትቷል። «ይቺ ትበቃናለች» አልኩ።

ሻጩ የባለቤቴን ወንድም አየት አድርጎ «ይቺማ የሴት ናት» አለ።

በአዲስ አበባ ግንባታ ላይ ስሚንቶና ድንጋይ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ የሚወጡትን ሴቶች ሰውየው አይቷቸው አያውቅም መሰለኝ። ንግዱን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ከዚያች ቃል በኋላ የባለቤቴ ወንድም ዓይን ከግድግዳው አልተነሣም። ባለ 10 ኪሎዋን አስመዝኖ፣ ከጭነት መኪና አክስል የተሠራች መሆኗን ሻጩን አስምሎ፣ ወይራ ዛቢያ አስገጥሞ ገዛት። ስንት እንደከፈለ አልናገርም፤ ሚስቱ ጋዜጣና መጽሔት ታነባለች። እኔም ባለ 4 ኪሎዋን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ።

ስንመለስ ሁለት ብረት ቀጥቃጮች ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ዋናው ባለሙያ በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዟል፤ በቀኙ ትንሽ መዶሻ አለች። ብረቱን በትንሿ ነካ ያደርገዋል፤ ረዳቱ እዚያችው ቦታ ላይ በትልቁ መዶሻ ያወርድበታል። ነካ፣ ድብን። ነካ፣ ድብን። ባለሙያው መስፉን ለብቻው ሲመታው ረዳቱ ያቆማል። ትልቁን የያዘው ታዛዥ፣ ትንሿን የያዘው አዛዥ ነው ማለት ነው። የባለቤቴን ወንድም ጠርቼ ባሳየው «አየኸው ያን ጎረምሳ? የእሱስ ስንት ኪሎ ትሆናለች?» አለኝ።

በታክሲው ውስጥ ፊዚክስ ላስረዳው ሞከርኩ። የምት ጉልበት ከክብደት ጋር እኩል ነው የሚያድገው፤ ከፍጥነት ጋር ግን በካሬው ነው። ባለ 3 ኪሎ መዶሻ በሰከንድ 8 ሜትር እየሄደ ቢያርፍ 96 ጁል ያሳርፋል። ባለ 6 ኪሎው ክንድህን አድክሞት በሰከንድ 5 ሜትር ብቻ ቢሄድ 75 ጁል ነው። እጥፍ ብረት ተሸክመህ ያነሰ ትመታለህ። እርግጥ መዶሻው ከልክ በላይ ከቀለለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ አይሠራም። ጥቁር ድንጋይ ፈላጮች ከበድ ያለውን የሚይዙት ለዚህ ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚይዙት ቀኑን ሙሉ ሊያነሡት የሚችሉትን ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «አሥሩን እኔ በ8 ሜትር አወርደዋለሁ» አለኝ። ባንክ ቤት ውስጥ ብድር የሚያጸድቀው እሱ ባይሆን ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ጓንት አጥልቆ፣ ቱታ ለብሶ መጣ። መነጽር አድርግ ብለው እምቢ አለ፤ የፀሐይ መነጽሩን ከቤት አምጥቼ በግድ አደረግኩለት። ከአርማታ የሚበር ፍንጣሪ ዓይን ይመርጣል። መደቡ ላይ ወጣና መሐል ለመሐል አሳረፈባት። መዶሻዋ ነጥራ ወደመጣችበት ተመለሰች። መደቡ ላይ የቀረው የአምስት ሳንቲም ስፋት ያለው ነጭ ነጥብ ነው። ደግሞ መታ። ነጭ ነጥቡ ጓደኛ አገኘ።

አጥራችን አጭር ስለሆነ ሕዝቡ መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ «ከወገብህ ነው!» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ከትከሻው ነው!» ብሎ ይሰድበዋል። ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት እናት «ልጄን፣ ሳንባህን!» ብለው ጮኹለት። መቶ አለቃው በሩን ከፍተው ገቡ። ከሰጡት ምክር አንዷ ትክክል ነበረች፤ የመዶሻዋ ራስ ላላ ሲል ራሷን ከላይ አድርገው የዛቢያውን ቂጥ ከድንጋይ ጋር ደጋግመው አጋጩት፤ እንጨቱ ድንጋዩ ላይ ሲቆም ከባዱ ብረት መውረዱን ስለሚቀጥል እንጨቱ ወደ ውስጡ ገባና ጠበቀ። ቀጥለው ግን «ሌሊቱን ባልዲ ውኃ ውስጥ ትደር» አሉ። ውኃ የጠጣ ዛቢያ አብጦ ለጊዜው ይጠብቃል፤ ብረቱ ውስጥ ተጨፍልቆ ያበጠው እንጨት ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ይላላል። ሦስተኛው ምክራቸው አንዷን መዶሻ መደቡ ላይ አስቀምጠን በሌላዋ እንድንመታት ነበር። ይኼኔ መሐላቸው ገባሁ። የመዶሻ ፊት በእሳት የጠነከረ ብረት ነው፤ ሁለት ጠንካራ ፊት ሲጋጭ የሚፈነጠረው ስባሪ ጥይት ማለት ነው። ጥይት ስላቸው ከሙያቸው ጋር ስለተገናኘ ተስማሙ።

እኔ መዶሻ ይዞ የተነሣን ሕዝብ አልንቅም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 የበርሊን ግንብ ሲከፈት ሰዉ መዶሻና መሮ ይዞ ወጥቶ ቀን ከሌት ሲጠርበው ሰነበተ፤ ፎቶውን ያላየ የለም። ግንቡን ከሥሩ የነቀሉት ግን በተከታዩ ዓመት ከሰኔ ጀምሮ የመጡት ክሬንና ቡልዶዘሮች ናቸው። ከመዶሻው የተረፈው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ስባሪ ነው፤ እሱንም ሰው ሸጦ በላበት። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ፈለፈሏቸው ይላል ትውፊቱ። የሌሊቱ ፈረቃ ለምን እንደቀናው ለእኔ ግልጽ ነው። መካሪው ሁሉ ተኝቷል።

ከቀትር በፊት የባለቤቴ ወንድም ጥላ ሥር ተቀምጦ መዳፉን ሲያይ፣ በበሩ የሚያልፍ አንድ ቀን ሠራተኛ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ጆሮው ላይ ኤርፎን ሰክቷል። ስለ መደቡ ጥንካሬም ሆነ ስለ ውፍረቱ አልጠየቀም። ኤርፎኑን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ «ፌሮ አለው?» አለ።

«አይታወቅም» አልኩት።

«ፌሮው የኔ ከሆነ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ። ፌሮ ከሌለው ሙሉውን ትከፍላለህ።»

እንዲህ ያለ ብልህ ውል ከባንክ ቤቱ ሰው አፍ አልሰማሁም። ተስማማን። ልጁ ኤርፎኑን መልሶ ሰካና ለሁለቱ መዶሻዎች ጀርባውን ሰጥቶ ዶማ ጠየቀ። ከመደቡ ጠርዝ ሥር ያለውን አፈር ይዝቀው ጀመር። ሕዝቡ ተንጫጫ። «መደቡን እንጂ መሬቱን ማን አለህ!» «ምቱ እንጂ ቁፋሮው ምን ያደርጋል!» ልጁ የሚሰማው ዘፈኑን ነው። አርማታ ሲጫኑት የሚችለውን ያህል ሲስቡት አይችልም፤ የመሳብ አቅሙ የመጫን አቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። መሬት ላይ የተኛን መደብ ከላይ መሐሉን መምታት በሚችልበት በኩል መግጠም ነው። ሥሩ ባዶ ሲሆን ግን ጠርዙ ሲመታ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ አንዱ ፊቱ ይሳባል፤ ሲሳብ ይሰነጠቃል። ልጁ ቁፋሮውን ሲጨርስ ባለ 4 ኪሎዋን አነሣ። አንድ እጁን ከብረቱ ሥር አድርጎ ያነሣታል፤ ስትወርድ እጁን በዛቢያው ላይ ወደ ታችኛው እጁ ያንሸራትተዋል። አይቸኩልም፤ አያቃስትም። ጠርዙ እንጀራ በሚያህል ቁራጭ ለቀቀ። መካሪዎቹ ተቀይመው መበታተን ጀመሩ፤ የማይሰማ ሠራተኛ ማየት ምን ደስታ አለው?

ከስንጥቁ ውስጥ ፌሮ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ወፍራም ወፍራም ፌሮ፣ ለፎቅ ኮለን የሚሆን፣ ጥልፍልፍ ብሎ ተቀምጧል። መቶ አለቃው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ብዬ ነበር! ለልብስ ማጠቢያ ይሄ ሁሉ ፌሮ ይገባል? አንቴና ነው!» ባለቤቴ መልስ አልነበራትም። እኔም ፌሮውን በግማሽ ዋጋ የሸጥኩት ሰው ስለሆንኩ ስለ አንቴናው ብዙ ማውራት አልፈለግሁም።

ልጁ ፌሮውን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ድንጋይ ላይ እያስተኛ በትንሽ መዶሻ አቃናውና በሽቦ አሰረው። ሒሳቡን ተቀበለ፤ እጁን ታጠበ። ከዚያ ጥላው ሥር ወደተጋደመችው ባለ 10 ኪሎ መዶሻ ሄደና ዛቢያዋን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ጋሼ፣ ይቺን ትሸጧታላችሁ?»

የባለቤቴ ወንድም ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ አልተደሰተም። «አሥር ኪሎ ናት እኮ! የአክስል ብረት ናት። ትችላታለህ?»

«ኧረ እኔ የፈለግሁት ዛቢያዋን ነው፤ ጥሩ ወይራ ናት። ብረቱንማ ለቆራሌው ነው የምሸጠው።»

የባለቤቴ ወንድም መዶሻዋን አየ፤ መዳፉን አየ፤ እኔን አየ።

«ለመሆኑ ቆራሌው ኪሎውን በስንት ይወስዳል?» አለ።