ወስነን እናጠናለን

ምርምርና ምርመራ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ይህን የሰዋስው ሊቃውንት ከጥንት ያውቁታል፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ደግሞ በተግባር አረጋግጠውታል። መርማሪው ሰውየውን አስቀድሞ ያስራል፣ ማስረጃውን ኋላ ይፈልጋል። የሪፎርም አጥኚም ውሳኔውን አስቀድሞ ይቀበላል፣ መረጃውን ኋላ ይሰበስባል። ዝምድናቸው እንዲህ ጠብቆ ሳለ «በጥናት ላይ የተመሠረተ ለውጥ» ሲባል ከንፈሩን የሚያጣምም ሰው አይጠፋም። እኔ ጠዳ ተቀምጬ ስለነሱ አፍራለሁ።

እኛ ጠዳዎች ለጥናት እንግዳ አይደለንም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጎዳና በመካከላችን ስለሚያልፍ አጥኚ ሁሉ ያገኘናል፤ አንዳንዱ ከመኪናው ሳይወርድ አጥንቶን ያልፋል። ስማችንም ከጎረቤታችን ከአዘዞ ጋር ተያይዞ «አዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ» ሆኗል። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ በቁራኛ ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ከእኛና ከአዘዞ ማን ከሳሽ፣ ማን ተከሳሽ እንደሆነ የነገረን የለም። በጥናት ላይ ይሆናላ!

ለውጥ ግን አልቸገረንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመሠረታዊ ሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ቢፒአር መጣ። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1993 ለኩባንያዎች ብለው የጻፉት ምክር ተንከባሎ ቀበሌ ደረሰ። የሱ ቀለም ሳይደርቅ ውጤት መለኪያው ቢኤስሲ ተከተለ፤ ቀጥሎም ከቶዮታ ጓዳ ካይዘን። ጃፓኖቹ መኪና የገጠሙበትን ካይዘን እኛ ዶሴ ደረደርንበት። አሁን ዶሴው ሁሉ ባለ ቀለም ምልክት ተለጥፎበት በተሰጠው ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከቦታው መነሳት እንዳለበት አሠልጣኙ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

በፍትሑ በኩል አንድ ጥናት ብቻ ጨዋነት ጎድሎት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፍትሕ ሥርዓት ማሻሻያ መነሻ ጥናት ሦስት ነገር ያለ ይሉኝታ አፈረጠው። አንደኛ፣ ፍትሑ ለድሃ አይደርስም፣ የድሃን ችግርም አይሰማም። ሁለተኛ፣ ሙስናን፣ በሥልጣን መባለግንና የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ለመግታት ቁም ነገር ያለው እርምጃ ገና አልተወሰደም። ሦስተኛ፣ የበጀቱ ማነስ ሁሉንም አባብሶታል። ለቡና ተጠርቶ ጓዳ የሚገባ እንግዳ እንዲህ ነው! ደግነቱ፣ ሪፖርቱ ወፍራም ነበር። ወፍራም ሪፖርት ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ያምራል።

ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ጥናቶች ጨዋዎች ናቸው። ድሮ ሌብነት ሲፈጸም ሌባሻይ ይጠራ ነበር። ሌባሻዩ ያመጣው ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ይባላል። ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ ተሻሽሏል። የዛሬው አማካሪ የታሸገ ውኃ ነው የሚጠጣው፤ እንዳይንገዳገድም ውሎ አበል ይታሰብለታል። መንደር ለመንደርም አይንከራተትም፤ ሐይቅ ዳር ካለ አዳራሽ ሆኖ ያየዋል። መውደቁ ግን አልቀረም። የሚወድቀው ሁልጊዜ አንድ ደጅ ላይ ነው፤ የኅብረተሰቡ ደጅ ላይ። ፖሊስ ቢዘገይ፣ ዶሴ ቢጠፋ፣ ቀጠሮ ቢራዘም፣ ምክንያቱ የኅብረተሰቡ «የግንዛቤ እጥረት» ነው። መፍትሔው ሥልጠና፤ ሥልጠናው መጥቀሙ ደግሞ በሌላ ጥናት ይረጋገጣል።

ደግሞ ስለ ጊዜ የሚያማርሩ አሉ። ሕጉን ያንብቡ! በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 59፣ ምርመራው ያላለቀ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን የበለጠ አይፈቀድም ይላል። ስንት ጊዜ 14 ቀን? ይህን ሕጉ በልግስና ትቶታል። ማሻሻያውም ከዚሁ ሕግ የተማረ ይመስለኛል። የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ በ2003 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ከጥፋተኝነት ድርድር አንሥቶ ጉዳይን ከመደበኛው ክርክር ውጭ እስከ መጨረስ ብዙ ጥሩ ነገር አለበት። ይህን ሁሉ የሚሸከም አዲስ የሥነ ሥርዓት ሕግ ተረቀቀ፣ ተጠና፣ እንደገና ተረቀቀ። ከ10 ዓመት በኋላም ችሎት ላይ የሚጠቀሰው ያው የ1954ቱ ነበር። ረቂቁ ጊዜ ቀጠሮ ተጠይቆበት ነዋ! በ2010ሩ ለውጥ ማግስት፣ ከእንግዲህ አጣርተን እናስራለን እንጂ አስረን አናጣራም ተባልን፤ እልል አልን። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርም ተፈቀደ። ለእሱ መነሻ ጥናት፣ የናሙና መጠይቅ፣ የማዳበሪያ ዐውደ ጥናት ሲባል አልሰማሁም። ሲፈልጉ እንደሚፈጥኑ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ባለፈው ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ባልቴት ከባላቸው ስለ ወረሱት ቦታ ሊጠይቁ ስሙን ወደማልጠራው ቢሮ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። በር ላይ ታብሌት የያዘ ልጅ እግር ተቀበለን።

«እማማ፣ ለጥናት ነው። አገልግሎቱ ፈጣን ነው ለሚለው ምን ይላሉ? በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም?»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ከማንም አልተጣላሁ፤ ከማን ልስማማ?»

ልጁ ትንሽ አሰበና «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ነካላቸው። ጠያቂ ሆነው የመጡት ሴትዮ «መላሽ ቁጥር 46» ተብለው ገቡ።

ውስጥ ያለችው ሠራተኛ መደርደሪያውን አየች፤ ባለ ቢጫ ምልክቱ ቦታ ባዶ ነው። መዝገቡን ገለጠችና ፊቷ በራ።

«የእርስዎ ዶሴ እኮ ተመርጦ ነው፣ እማማ! ስለ ጉዳዮች መጓተት ለሚደረገው ጥናት በናሙናነት ሄዷል። በ14 ቀን ብቅ ይበሉ።»

ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ተመረጠ? እሰይ!» አሉ። «ባለቤቴ እኮ በሕይወቱ ለምንም ተመርጦ አያውቅም ነበር።»