ገድለ ቧንቧ ጠጋኝ

ገድል የሚጻፍለት ጻድቅ በጠፋበት በዚህ ዘመን፣ በየቤቱ ተሰውሮ ሲጋደል የሚኖር፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ ጸሐፊ ያላገኘ አንድ ሰማዕት መኖሩን ለአንባብያን ማስታወቅ ግዴታዬ ሆኖ ታየኝ። ይኸውም የቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ በጀመረ ጊዜ ሙያተኛ መጥራትን እንደ ውርደት ቆጥሮ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ፒንሳውንና ካቻቪቴውን ይዞ፣ «ይህንማ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ» ብሎ የሚነሣው አባወራ ነው። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ እንዲህ ያሉ አንድ የተከበሩ ሰው ስላሉ፣ ይህን የምጽፈው በወሬ ሰምቼ ሳይሆን በጣሪያዬ በኩል የሚደርሰኝን እየተቀበልሁ ነው።

የእኚህ ሰው ክብር የሚገባን ከቀደሙት ጋር ስናስተያያቸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከእንጦጦ በኩል ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ሲያስወርዱ፣ ምንም እንኳ አዲስ መሣሪያን ሁሉ በእጃቸው መርምረው ማየት የሚወዱ ንጉሥ ቢሆኑ፣ ሥራውን የሰጡት ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሚያውቅ ሰው መጥራት ግርማቸውን የሚቀንሰው አልመሰላቸውም። ጎረቤቴ ግን በዚህ ረገድ ከንጉሠ ነገሥት በላይ ናቸው፤ እሳቸው ማንንም አይጠሩም።

የጥገናቸውን ሥርዐት በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ውኃ ከቧንቧው አፍ የሚንጠባጠበው ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ስላለቀች ነው፤ ጎማዪቱም የውኃውን መዝጊያ ዘግቶ፣ የቧንቧውን ራስ ፈትቶ በአዲስ መተካት የሚቻል፣ ዋጋዋም እዚህ ግባ የማይባል ነው። ይህ ግን ተራ ሰው የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ስለሆነ ጎረቤቴ በጠባቡ መንገድ ይሄዳሉ። በመጀመሪያ እጀታውን ባላቸው ኀይል ሁሉ ያጠብቁታል፤ በዚህም ያለቀችው ጎማ ተቆርጣ፣ ከሥሯ ያለው ናስ ተፍቆ፣ ሲያንጠባጥብ የነበረው ቧንቧ ወደ መፍሰስ ማዕርግ ከፍ ይላል። ቀጥሎ መጋጠሚያውን ፈትተው ቃጫ ይጠመጥሙበታል፤ ቃጫው ጥርሱን ተከትሎ መጠምጠም ሲገባው እሳቸው ወደ ግራ ስለሚጠመጥሙት፣ ቧንቧው በጠበቀ ቁጥር ቃጫው ይፈታል። ከዚያም ምናለሽ ተራ ወርደው ለግማሽ ኢንች ቧንቧ የሦስት ሩብ መጋጠሚያ ገዝተው ይመለሳሉ፤ የማይገጥሙትን ሁለቱን ለማስታረቅም ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቀድደው ያስሩባቸዋል። በመጨረሻ መዶሻ ይመጣል። ነቢዩ ሙሴ ዓለቱን ሁለት ጊዜ ስለ መታ ምድረ ርስት ከመግባት ተከልክሏል፤ ጎረቤቴ ብረቱን ስንት ጊዜ እንደ መቱት የሚያውቀው ግድግዳው ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ እስካሁን ከምንም አልተከለከሉም።

ከዚህ ተጋድሎ የሚገኘው በረከት ብዙ ነው። በጣሪያዬ ላይ ከነደሴቶቹ የጣናን ሐይቅ የሚመስል ሥዕል ያለ ክፍያ ተሥሎልኛል። የሰፈሩ ልጆችም በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ የምትወርድ ብትሆን በቀን 86,400 ጠብታ እንደሚሆን አስልተው፣ ማባዛትን ከትምህርት ቤታቸው ይልቅ ከእሳቸው ተምረዋል።

ከሁሉ የሚልቀው ትሩፋታቸው ግን ሕንፃችንን ገዳም ማድረጋቸው ነው። በከተማችን ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ በእኛ ሰፈር ተራው ሲደርስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመንፈቀ ሌሊት ነው። ነዋሪው ጀሪካኑንና ባልዲውን ደርድሮ፣ ሮቶው መሙላት ሲጀምር ለመስማት ጆሮውን አቅንቶ የሚጠባበቀው ይህ ሰዓት ለጎረቤቴም የጥገና ሰዓታቸው ነው። ምክንያቱም ቧንቧው የት ላይ እንደሚያፈስ የሚታወቀው ውኃ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ውኃ እየመጣ ደግሞ መጠገን ስለማይቻል፣ ወደ ምድር ቤት ወርደው የደረጃውን ነዋሪ ሁሉ የሚያጠጣውን ሳራቺኔስካ ይዘጋሉ። እነሆ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራው ከለገዳዲ ግድብ ተነሥቶ፣ ተጣርቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ በምድር ውስጥ ተጉዞ የመጣው ውኃ ከደጃችን ደርሶ ይቆማል። ጥገናው ሲያልቅ ሌሊቱ ነግቷል፤ ፈረቃውም ወደ ሌላ ሰፈር አልፏል።

በመጀመሪያው ሱባኤ እስራኤል በራፊዲም እንዳጉረመረሙ እኛም አጉረመረምን። እየዋለ ሲያድር ግን ጸጋው ይገለጥልን ጀመር። አባ እንጦንስ ዓለምን ንቀው ወደ ግብፅ በረሃ ለመግባት ብዙ ደክመዋል፤ ጎረቤታችን ግን በረሃውን እስከ መኝታ ቤታችን ድረስ አምጥተውልናል። ሥጋን አጥቦ ማስጌጥ ከንቱ መሆኑን ሳንወድ ተረዳን። የዋልድባ መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ እንደሚኖሩ እየሰማን እንደነቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ወጥ ሳይሠራ፣ ድስት ሳይታጠብ፣ በቆሎና በዳቦ ቆሎ መሰንበትን ሕፃናት ሳይቀሩ ለምደውታል። ሌሊቱን ቆመን የምናድር ሆነናል፤ ጀሪካን አጠገብ የሚቆም ሰው መቋሚያ ባይዝም ከካህን በምን ያንሳል? ወጣቶቻችን አርድእት ሆነው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ተሸክመው፣ ውኃ ወዳለበት ሰፈር በየዕለቱ ሄደው ይሳለማሉ። አንዲት እናት ከአራተኛ ፎቅ አንድ ጆግ ውኃ በምጽዋት ቢልኩልን፣ ስማቸው በየቤቱ በጸሎት ይነሣል። ልጃገረድ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሎች እጃቸውን የሚያስታጥባቸው ቢያጡ፣ ቤተ ሰቡ ብሕትውና የገባ መስሏቸው፣ ልጅቱንም ለዓለም ሳይሆን ለምናኔ የታሰበች አድርገው ገምተው፣ ጉዳዩን ሳያነሡ ባርከው ሄዱ። በገድላት ውስጥ የቅዱሳን ሥጋ መልካም መዓዛ እንደሚሰጥ ተጽፏል፤ የእኛም ደረጃ መዓዛ ማውጣት ጀምሯል፤ እንግዳ ገና ከበሩ ሲደርስ አፍንጫውን በነጠላው ሸፍኖ በአርምሞ ይወጣል። የቀረን ነገር ቢኖር አበምኔታችንን ቆብ አድርገን መሾም፣ ምድር ቤት ያለውን ሳራቺኔስካ በመጋረጃ ጋርደን ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይገባበት መከልከል፣ ለንግሡም ቀን መቍረጥ ነበር። የመጸዳጃ ቤታችንስ ነገር? ስለ እሱ ገድል አይጻፍም። ውኃ በሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቅድስና የለም፤ ያለው ሽታ ነው፤ ልጆች እየታመሙበት ነው።

ጌታዬ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለቁጠባ ነው የሚል ጠበቃ ቢነሣ አላምነውም። ለማይገጥም መጋጠሚያ፣ ለቃጫ፣ ለካላማዳሪያ፣ ለተሰነጠቀው የመታጠቢያ ሳሕንና ለምናለሽ ተራ መመላለሻ ያወጡት ገንዘብ ሙያተኛውን ደጋግሞ ያስጠራ ነበር። የሚያማቸው ክፍያው አይደለም፤ ከእሳቸው ሌላ አንድ ሰው የሆነ ነገር ማወቁን መቀበል ነው። ይህም የእሳቸው ብቻ ሕመም አይደለም፤ ቀጥቃጩን በብረቱ፣ ሸማኔውን በመወርወሪያው፣ ፋቂውን በቆዳው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ከምላሳችን ወደ እጃችን ተዛወረ እንጂ አልሞተም። ዛሬ ሙያተኛውን በአፍ አንሰድበውም፤ «ይህን ማን ያቅተዋል» ብለን መሣሪያውን እናነሣበታለን፤ ይህም ስድብ ነው። ነገሩ ቢገለበጥና ያ ቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤቴ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ የሒሳብ መዝገባቸውን ገልጦ፣ «ዛሬ እኔው ራሴ ልሞክረው» ቢል፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዘበኛ ይጠሩበት ነበር።

በቤቱ ሥራ እጁን ማስገባት የሚወድ ሰው ይመስገን፤ ያለቀች ጎማ መለወጥ ማንም አስተዋይ በአንድ ከሰዓት የሚማረው ነገር ነው። ነገር ግን ይማረው። ሲዘጋ ለጎረቤቱ ይንገር፤ የዘጋውንም ይክፈት።

አሁን የሕንፃችን ማኅበር የውኃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ለመምረጥ ተሰናድቷል፤ ጎረቤቴም በቧንቧ ነገር ያላቸውን የካበተ ልምድ ጠቅሰው በእጩነት ቀርበዋል። ነዋሪው በጉዳዩ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር፣ እኔ ግን ድምፄን ያለ ማመንታት ለእሳቸው ልሰጥ ቆርጫለሁ፤ ሌሎችንም እየዞርሁ በማሳመን ላይ ነኝ። በአገራችን ሊቀ መንበር የሆነ ሰው ስብሰባ ሲመራ፣ ቃለ ጉባኤ ሲፈርምና መመሪያ ሲሰጥ ይውላል እንጂ፣ ከተሾመ ወዲህ ፒንሳ በእጁ ሲነካ ታይቶ አያውቅም።